ጄኔራል ሶሻል ሰርቬይ፦ ለትውልድ አምስት ኮከብ፣ ለአንድ ሰው ዕድሜ ሦስት

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ሃይማኖት ከወላጅ ወደ ልጅ ሲሻገር የሚጸናውንና የሚላላውን ማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ነጻ የዳታ አገልግሎት አላውቅም። አንድ ሰው በገዛ ዕድሜው ውስጥ እንዴት ከሃይማኖት እንደሚወጣ፣ ወጥቶም እንዴት እንደሚመለስ ማየት ለሚፈልግ ግን አገልግሎቱ የሚያደርስለት እስከ መንገዱ አጋማሽ ነው። ሁለቱን ሳይለይ ገብቶ አንድ ግራፍ ይዞ የሚወጣ ብዙ ነው። የማማክራቸው ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ይህንኑ ደጋግሜ ስለማየው ነው ለመጻፍ የተነሳሁት።

ጄኔራል ሶሻል ሰርቬይ፣ በአጭሩ ጂ.ኤስ.ኤስ.፣ በ1972 የተጀመረ የአሜሪካ የማኅበራዊ ጥናት መጠይቅ ነው። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። የሚያካሂደው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያለው ኖርክ የተባለው የጥናት ተቋም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ዓመታት በየዓመቱ ማለት ይቻላል ተካሂዷል፤ ከ1994 ወዲህ ደግሞ በመሠረቱ በየሁለት ዓመቱ ነው። በየዙሩ ከ18 ዓመት ጀምሮ ያሉ ሰዎች በናሙና ተመርጠው ስለ ሥራቸው፣ ስለ ትዳራቸው፣ ስለ ፖለቲካ አቋማቸውና ስለ እምነታቸው ይጠየቃሉ። ለኛ ጉዳይ ዋናዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፦ አሁን ሃይማኖትዎ ምንድን ነው? ያደጉትስ በየትኛው ሃይማኖት ነው? የመጀመሪያው በፋይሉ ውስጥ ሬሊግ፣ ሁለተኛው ሬሊግ16 ይባላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል መጠየቃቸው ነው አገልግሎቱን ከሌሎች የሚለየው።

እኔን ወደ ጣቢያው ደጋግሞ የሚመልሰኝ የቢሮ ክርክር ነው። አብሮኝ የሚያስተምር፣ በዕድሜም የሚበልጠኝ ባልደረባ አለኝ። ወጣቶች ሃይማኖት እየተዉ ነው በተባለ ቁጥር «ቆይ ይውለዱ፣ ራሳቸው ይመለሳሉ» ይላል። እኔ ደግሞ የወጣው እንደወጣ ይቀራል፣ ልጁንም ውጭ ያሳድጋል ባይ ነኝ። እሱ ነገሩን የሚያየው በዕድሜ ነው፣ እኔ በትውልድ። የሚያናድደው ነገር በአንድ ዓመት የተሰበሰበ መጠይቅ ለሁለታችንም ይመሰክራል። በየትኛውም ዙር ብትመለከቱ የ25 ዓመት ወጣቶች ከ65 ዓመት አዛውንቶች ይልቅ «ሃይማኖት የለኝም» የማለት ዕድላቸው ሰፊ ነው። እሱ «ገና ስላላረጁ ነው» ይላል፤ እኔ «አዛውንቶቹም በ25 ዓመታቸው እንዲህ አልነበሩም» እላለሁ። ዳኝነቱን መስጠት የሚችለው በ1970ዎቹ 25 ዓመት የነበረውን ትውልድ ዛሬም የሚጠይቅ መጠይቅ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ጂ.ኤስ.ኤስ. አለው።

መግቢያው ሁለት ነው። አንዱ የኖርክ የራሱ ዳታ ኤክስፕሎረር ነው። የእያንዳንዱን ጥያቄ ትክክለኛ አጠያየቅ፣ በየትኞቹ ዓመታት እንደተጠየቀና መልሱ እንዴት እንደተለወጠ ያሳያል። ነጻ አካውንት ለከፈተ ሰው የመረጣቸውን ተለዋዋጮች፣ ማለትም እንደ ሬሊግ ያሉ የጥያቄ መልሶች የተያዙባቸውን ዓምዶች፣ ብቻ ለይቶ ማውረድ ይፈቅዳል። ሌላው በርክሌይ ውስጥ የተሠራው ኤስ.ዲ.ኤ. የሚባል የኦንላይን መተንተኛ ነው። መልኩ የድሮ ነው፤ ጌጥ የለውም፣ ባዶ ሣጥኖችና አንድ ማስነሻ ቁልፍ ብቻ። እኔ ጀማሪን የምልከው ግን ወደዚህኛው ነው፤ ምክንያቱም ምን እንደምትጠይቁ ሳታውቁ ምንም አይሰጣችሁም።

ሣጥኖቹ ረድፍ፣ ዓምድ፣ ማጥሪያና ክብደት (የእያንዳንዱ ተጠያቂ መልስ በስሌቱ ምን ያህል እንደሚቆጠር የሚወስነውን ቁጥር) ይጠይቃሉ። ረድፍ ላይ ሬሊግን፣ ዓምድ ላይ ሬሊግ16ን ጽፋችሁ አስነሱት፤ የተለዋዋጮቹ ስም በላቲን ፊደል እንደሚጻፍ ሳትረሱ። የሚመጣው ሰንጠረዥ የዓምድ መቶኛ ያሳያል። በካቶሊክ ዓምድ ሥር ወደ ታች ስትወርዱ ካቶሊክ ሆነው ካደጉት መካከል ስንቱ ዛሬም ካቶሊክ እንደሆነ፣ ስንቱ ፕሮቴስታንት እንደሆነ፣ ስንቱ ከነጭራሹ እንደተወ ታነባላችሁ። አሁን ሁለቱን አገለባብጡ። ቁጥሮቹ ሁሉ ይለወጣሉ፣ ጥያቄውም ይለወጣል፦ ዛሬ ሃይማኖት የለኝም ከሚሉት ውስጥ ስንቱ ካቶሊክ ሆኖ አደገ? የመጀመሪያው ስለ መነሻ ነው፣ ሁለተኛው ስለ መድረሻ። ያነበብኳቸው የተማሪ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንዱን መቶኛ ይዘው የሌላውን ዓረፍተ ነገር ይጽፉበታል። ጋዜጣ ላይም አይቼዋለሁ።

ወደ ክርክራችን ልመለስ። በጥቅሉ «ሃይማኖት የለኝም» የሚሉት በ1972 ወደ 5 በመቶ ነበሩ፤ በ2018 ወደ 23 በመቶ ደርሰዋል። ማጥሪያው ላይ የትውልድ ዓመትን የሚይዘውን ኮሆርት የተባለ ተለዋዋጭ ስታስገቡ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ከ1945 እስከ 1954 የተወለዱትን ብቻ አስቀሩ፣ ዓምዱን የመጠይቁ ዓመት አድርጉ፣ ከዚያ በየዐሥር ዓመቱ ልደት እየዘለላችሁ ድገሙት። መስመሮቹ ደረጃ ይሠራሉ። ኋላ የተወለደው ቀድሞ ከተወለደው በላይ ይጀምራል፣ በላይም ይቆያል። አንድ መስመር ባለቤቶቹ ስላረጁ ብቻ ወርዶ የአባቶቹ መስመር ላይ ሲያርፍ አታዩም። ከ1990ዎቹ ወዲህ እንዲያውም አብዛኞቹ መስመሮች አንድ ላይ ሽቅብ ይወጣሉ፤ በመካከለኛ ዕድሜ ያሉትም ጭምር።

ይህን የ1990ዎቹን ሽቅብታ መጀመሪያ በቅጡ የተነተኑት የሶሺዮሎጂ ምሁራኑ ማይክል ሃውትና ክሎድ ፊሸር ናቸው። በ2002 ባሳተሙት ጥናት በዚያ ዐሥርት ዓመት ቁጥሩ ከ7 ወደ 14 በመቶ መድረሱን በዚሁ በጂ.ኤስ.ኤስ. ዳታ አሳዩ። ከፊሉን ትዳር በመዘግየቱና ያለ ሃይማኖት ያደጉ ሰዎች በመብዛታቸው አስረዱት። የቀረውን ግን ፖለቲካ ላይ ጣሉት። ሃይማኖት ከወግ አጥባቂ ፖለቲካ ጋር ሲጣመር ያዩ ለዘብተኞችና ሊበራሎች፣ በእግዚአብሔር ማመን ሳይተዉ የሃይማኖት ድርጅት ስም መጥራት ተዉ። ለባልደረባዬም ለእኔም ያልታሰበ ሦስተኛ መልስ ነው። ዕድሜም ትውልድም ያልሆነ፣ ዘመኑ ራሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የገፋበት።

ባልደረባዬ ግን ባዶ እጁን አልወጣም። ሬሊግን ትታችሁ ወደ አምልኮ ስፍራ የመሄድን ድግግሞሽ የሚለካውን ተለዋዋጭ ስታስገቡ፣ ልጆች ያሏቸው ባለትዳሮች ከእኩዮቻቸው ይልቅ አዘውትረው ይሄዳሉ። «አላልኩህም?» አለኝ። ብሏል። ነገር ግን ልጅ መውለዱ ነው ወደዚያ ያመጣቸው ወይስ ቀድሞም የሚሄዱት ናቸው ቶሎ አግብተው የሚወልዱት የሚለውን ይህ ሰንጠረዥ አይለይም። ደግሞም መሄድና «እኔ የዚህ ሃይማኖት ነኝ» ማለት አንድ አይደሉም። ሰው ስሙን ይዞ እግሩን ሊያስቀር፣ እግሩን አንስቶም ስሙን ሊጥል ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፤ በማንም መጠይቅ የሚመጣ እንጂ የጂ.ኤስ.ኤስ. ብቻ ጥፋት አይደለም። ዕድሜ፣ ዘመንና የትውልድ ዓመት ሦስት የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። በ1990 የ20 ዓመት ወጣት ነው ካላችሁኝ በ1970 መወለዱን አውቄዋለሁ። ሁለቱን ስትይዙ ሦስተኛው በራሱ ስለሚወሰን፣ ምን ያህሉ በእርጅና፣ ምን ያህሉ በዘመኑ፣ ምን ያህሉ በትውልድ እንደመጣ ስሌት ብቻውን አይፈርድም፤ የሆነ ግምት ማስገባት ግድ ነው። «ሞዴሉ ሦስቱንም ለያይቶልኛል» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ የትኛውን ግምት እንዳስገባ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ተደብቆ ታገኙታላችሁ።

እኔ ከሁሉ የምወደው ሰንጠረዥ ሌላ ነው። ሬሊግ16 ላይ «ያለ ሃይማኖት ነው ያደግኩት» ያሉትን ብቻ አጥሩና ሬሊግን እዩ። ቀደም ባሉት ትውልዶች እንዲህ ያደገ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከእነዚያም የሚበዙት አድገው የአንዱ ወይም የሌላው ሃይማኖት አባል ሆነዋል። ዙሪያው ሁሉ ሃይማኖተኛ ነው፤ ትዳሩም፣ ጎረቤቱም፣ ሥራውም ይጎትተዋል። በኋለኞቹ ትውልዶች ግን ያለ ሃይማኖት ያደገው እንዳደገ መቅረት ጀመረ። ያለመኖሩ ራሱ የሚወረስ ነገር ሆነ። ባልደረባዬ «ይመለሳሉ» ሲል የሚያስበው የወጡትን ነው፤ እነዚህ ግን የሚመለሱበት ቤት መጀመሪያውኑ የላቸውም።

ጉድለቶቹን ሳልናገር አምስት ኮከብ ብሰጥ ማታለል ይሆናል። ሬሊግ ለረጅም ጊዜ የነበሩት አማራጮች ፕሮቴስታንት፣ ካቶሊክ፣ አይሁድ፣ ሌላና ምንም ነበሩ። ኦርቶዶክስ፣ ሙስሊም፣ ቡዲስት፣ ሂንዱ የሚሉት ለብቻቸው የወጡት በ1998 ነው። ከዚያ በፊት ሁሉም «ሌላ» በሚለው ውስጥ ተጨፍልቀዋል። ስለዚህ የኦርቶዶክስ ቤተሰቦች ከሦስት ትውልድ በፊት ጀምሮ እንዴት ሆኑ ብሎ ለሚመጣ ሰው ይህ ትክክለኛው ቦታ አይደለም። ከ1998 በኋላም በየዙሩ የሚገኙት ኦርቶዶክሶችና ሙስሊሞች ጥቂት አስሮች ቢሆኑ ነው፤ በዚያ ላይ መቶኛ መሥራት አያስኬድም። መጠይቁ እስከ 2006 ድረስ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለነበር ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ ሰዎች፣ ማለትም ብዙ ካቶሊኮች፣ ከናሙናው ውጭ ነበሩ። በዚያ ዓመት ስፓኒሽ ሲጨመር የሚታየውን ለውጥ የእምነት ለውጥ ብሎ መተርጎም አይገባም።

የ2021 ዙርም አለ። በወረርሽኙ ምክንያት ፊት ለፊት ይጠየቅ የነበረው በአብዛኛው በኢንተርኔት ተሞላ፤ «ሃይማኖት የለኝም» የሚሉትም ወደ 28 በመቶ ደረሱ። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል መዝለል የሰዉ መለወጥ ነው፣ የመጠየቂያው መንገድ መለወጥ ነው ወይስ ያኔ መልስ የሰጠው ሌላ ዓይነት ሰው ስለሆነ ነው? ግራፉ ላይ 2018ን እና 2021ን የሚያገናኝ መስመር ስትስሉ በነጠብጣብ አድርጉት።

አሁን ወደ ሦስቱ ኮከብ። ጂ.ኤስ.ኤስ. በመሠረቱ በየዙሩ አዲስ ሰው ነው የሚጠይቀው፤ በየዓመቱ ሌላ ተማሪ የቆመበት የአንድ ክፍል ፎቶ ማለት ነው። የ1948 ተወላጆችን በ1975 እና በ2015 ስታወዳድሩ ያው ትውልድ ነው እንጂ ያው ሰው አይደለም። የሕይወት ታሪክ የሚመስለው ሬሊግ16 ደግሞ የትዝታ ጥያቄ ነው። ሰው ልጅነቱን የሚያስታውሰው ዛሬ ከቆመበት ሆኖ ነው። በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለውንም አይነግራችሁም። ካቶሊክ ሆና አድጋ፣ በሃያዎቹ ትታ፣ በትዳር ፕሮቴስታንት ሆና፣ ከፍቺ በኋላ ወደ ካቶሊክ የተመለሰች ሴት በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ከቤቷ ወጥታ የማታውቅ ናት።

ይህ ጥቃቅን ነገር እንዳይመስላችሁ። ቻዩን ሊም፣ ካሮል አን ማክግሬጎርና ሮበርት ፑትናም በ2010 ያሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ሰዎችን በ2006 እና በ2007 ጠይቆ ነበር። መጀመሪያ «ሃይማኖት የለኝም» ካሉት ወደ 30 በመቶው በዓመቱ የአንድ ሃይማኖት ስም ጠሩ። ያንኑ ያህል ሰው ደግሞ በተቃራኒው ስለሄደ ጠቅላላ ቁጥሩ አልተነቃነቀም። የሚገርመው እምነታቸውም ሆነ ልማዳቸው ይህ ነው የሚባል ለውጥ አለማሳየቱ ነው። ደጃፍ ላይ የቆሙ ናቸው፤ መልሳቸው በጠያቂውና በቀኑ ይወሰናል። የዙር በዙር መጠይቅ እነዚህን ጨርሶ አያያቸውም፣ ምክንያቱም የወጣውና የገባው እየተቻቻለ «ምንም አልተለወጠም» ይላል።

ጂ.ኤስ.ኤስ. ለዚህ የሚሆን ነገር የለውም ማለት አይደለም። በ2006፣ በ2008 እና በ2010 የተጀመሩ፣ እነዚያኑ ሰዎች በሁለት ዓመት ልዩነት ሦስት ጊዜ የጠየቁ የፓነል ፋይሎች አሉ። ለብቻቸው ስለተቀመጡ ዋናውን ፋይል ብቻ የሚያወርድ ሰው መኖራቸውን ላያውቅ ይችላል። የአራት ዓመት ርዝመት ግን የአንድ ሰው ዕድሜ አይደለም።

የወላጆችን ጉዳይ በተመለከተ ጥሩ ሀብት ያለው በ1991፣ በ1998፣ በ2008 እና በ2018 በገባው ዓለም አቀፍ የሃይማኖት ክፍል ውስጥ ነው። እናትም አባትም ሃይማኖታቸው ምን እንደነበር፣ ምን ያህል ይሄዱ እንደነበር፣ ተጠያቂው ራሱ በ11 ወይም በ12 ዓመቱ ምን ያህል ይሄድ እንደነበር ይጠይቃል። በብሪታንያ ዴቪድ ቮስና አላስዴር ክሮኬት በ2005 ባሳተሙት ጥናት ያገኙትን የሚያውቅ ሰው ይህን ክፍል ሳያይ አያልፍም። እነሱ እንዳሳዩት ሁለቱም ወላጆች ሃይማኖተኛ ሲሆኑ ለልጅ የማስተላለፉ ዕድል ግማሽ ያህል ነው፤ አንዱ ብቻ ሲሆን በግማሽ ይቀንሳል። ሃይማኖት የለሽ ወላጆች ግን ያንኑ ለልጆቻቸው ያለ ብዙ ችግር ያስተላልፋሉ። አሜሪካ ላይ እንዴት እንደሚሆን በራሳችሁ ለማየት ሰንጠረዡ ይኸው አለ።

ከሌሎቹ ጋር ላወዳድረው። ፒው የምርምር ማዕከል ናሙናው እጅግ ይበልጣል፤ የ2023–24 ጥናቱ ከ35,000 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቋል። ጥቃቅን ሃይማኖቶችን ለሚያጠና ሰው እሱ ይሻላል። ግን ሳታነቡ አትጥቀሱ። በዚያ ጥናት 35 በመቶ የሚሆኑ አሜሪካውያን ካደጉበት ሃይማኖት ተለውጠዋል። ያው ማዕከል በ2025 ባወጣው የ36 አገሮች ጥናት ደግሞ አሜሪካ 28 በመቶ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው። የአገሮቹ ንጽጽር ክርስትናን በሙሉ እንደ አንድ ስለሚቆጥር ከካቶሊክ ወደ ፕሮቴስታንት የሄደው እዚያ ላይ «አልተለወጠም»። በዚሁ ንጽጽር ደቡብ ኮሪያ 50 በመቶ ስትደርስ፣ በሕንድ፣ በእስራኤል፣ በናይጄሪያና በታይላንድ 95 በመቶና ከዚያ በላይ የሆኑት ባደጉበት እንደጸኑ ናቸው። ስለዚህ ከጂ.ኤስ.ኤስ. ያገኛችሁትን የአሜሪካ ትውልዶች መስመር ወስዳችሁ «የሰው ልጅ እንዲህ ነው» አትበሉ፤ ይህን የሚለውን ተማሪ ነጥብ እቀንስበታለሁ።

የሕዝብ ቆጠራን የሚመርጥ ካለ የሰሜን አየርላንድን እመክራለሁ። በ2021 የአሁኑን ሃይማኖትም ያደጉበትንም ጠይቀዋል፦ ካቶሊክ ነኝ ያለው 42.3 በመቶ፣ ያደገበትን ሲጨምሩ 45.7 በመቶ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ለማን? በትውልድ መካከል ያለውን ለውጥ ለሚያጠና፣ ለሚያስተምር፣ ለሚዘግብ ሰው ያለ ማመንታት። የሰውን የሕይወት ጉዞ ለሚያጠና ከፓነል ፋይሎቹ ይጀምርና ተመሳሳይ ሰዎችን ለረጅም ዘመን የተከተለ ሌላ ጥናት ይጨምርበት። የማንኛውም አነስተኛ ሃይማኖት ታሪክ ለሚፈልግ አይሆንም።

የመጨረሻ ነገር፣ የክብደት ሣጥኑን ባዶ አትተዉት። አዳዲሶቹና የድሮዎቹ ዙሮች በተለያየ መንገድ ስለተሰበሰቡ ሁሉንም ዓመታት የሚሸፍነውን ክብደት ምረጡ፤ ዳታውን በሚያብራራው የኮድ መጽሐፍ ውስጥ ማብራሪያው አለ። ባልደረባዬ ባለፈው ሰሞን ሳይመርጥ ያወጣውን ሰንጠረዥ ይዞ መጥቶ «አየህ፣ ተመልሰዋል» ሲለኝ መጀመሪያ ያየሁት ያንን ሣጥን ነው።